ከዝርዝሩ ውጭ የቀረው ሽክና

ባለፈው ሳምንት የስማዳውን ክሊኒክ ዕቃ አስረከብኩ። መቀስ ሁለት፣ የመርፌ መቀቀያ አንድ፣ ሚዛን አንድ፣ የበቅሎ ኮርቻ አንድ፣ መዝገብ አራት። የተካችኝ ነርስ ከትምህርት ቤት ከወጣች ገና ወሯ ነው። እኔ ስጠራ እሷ እንደቆመች በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች፤ ቶሎ ጨርሳ ሥራ መጀመር ፈልጋለች። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሽክና አየችና «ይኸስ?» አለችኝ። የመንግሥት ንብረት አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይም የለም። ጠላ መጠጫ ቅል ነው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል።

አሁን ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ገብቻለሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ «ማንን ላገናኝዎ?» እያልኩ እውላለሁ። ነርስነቱን ለምን ተውሽው ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ቦታ መርጋት አልችልም፣ ስድስት ዓመት ደግሞ ለእኔ ብዙ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም፣ ወረቀቱ የትየለሌ። ስለዚህ ሁሉ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የሽክናውን ነገር ግን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ ጎንደር ነርስነት ተማርኩና መጀመሪያ የተመደብኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። እዚያ ጋሽ ይመኑ የሚባሉ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። በወረቀት እኔ ከእሳቸው በላይ ነበርኩ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «እሺ እመቤቴ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ይመኑ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት በሽተኛው እያየ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሳሙናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። ከዚያ ወንበር እያለ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ፊት አይጽፉም፤ በሽተኛው ሲወጣ ነው የሚጽፉት። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላው ልማዳቸው ነበር። ሆዴን የሚላቸውን ሰው ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ ብለው አይጠይቁም። «የበላህበትን፣ የጠጣህበትን ዕቃ አምጣ» ይላሉ። ሰውየው ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ሰልፉ ይጓተታል፤ እኔ እንጨረጨራለሁ።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ሆዱን ይዞ እየተንቆራጠጠ በቃሬዛ መጣ። ቆሜ ምን ጠጣህ አልኩት። ምንም አለኝ። ደግሜ ብጠይቀውም ምንም። ጋሽ ይመኑ ወንድሙን ዕቃውን እንዲያመጣ ላኩት። የመጣው ቅል ታቹ ላይ የኮሶ ዝቃጭ ነበረበት፤ ሰውየው የሁለት ሰው ኮሶ ባንድ ጊዜ ጠጥቷል። ለምን ትዋሸኛለህ ብዬ ጮኽኩበት።

«ኮሶ መጠጥ ነው እንዴ? መድኃኒት ነው» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ጋሽ ይመኑ ሳቁ። «አልዋሸሽም፤ ያልጠየቅሽውን አልመለሰልሽም። ዕቃው ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም» አሉኝ። እኔ የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ተዛወርኩ። እዚያ የተማርኩት ችኮላ ነው። ዓርብ ዓርብ ገበሬው ከነአህያው ይመጣል፤ ገበያው ሳይበተን የፈንጣጣ ክትባት መክተብ ነበረብኝ። ክንድ እይዛለሁ፣ እወጋለሁ፣ ቀጣይ እላለሁ። የምጠይቀው ስም ብቻ ነው። አለቃዬ ፈጣን ናት አለ። እኔም አመንኩ። ስማዳ የተላክሁት በዚሁ ስም ነው።

የስማዳው ክሊኒክ ሁለት ክፍል ነው፤ እኔ፣ አንድ ዘበኛና አንዲት በቅሎ። ከዚያ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ዝግባ ሚካኤል የሚባል መንደር አለ። ከእኔ በፊት አንድ የውሃ ባለሙያ መጥቶ የመንደሩን ምንጭ በሲሚንቶ ከድኖ የብረት ቧንቧ አውጥቶለት ሄዷል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ዛሬም እመሰክርለታለሁ። ሰዉ ግን አልወደደውም። «ውሃው ታሰረ» ይላል። ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል፣ ሆድ ይነፋል፣ ላም ስትጠጣው ወተቷ ይጎድላል እየተባለ ይወራል። ቅርብ ስለሆነ ግን እያማ ይቀዳዋል። ከመንደሩ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ አያቶቻቸው ይጠጡት የነበረ ኩሬ አለ። «ነባሩ» ይሉታል። አሁን የሚጠጣበት ከብት ነው።

በግንቦት እኩሌታ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ገባ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። የታሰረው ውሃ ጨረሰን፣ ሲሚንቶውን በዲጂኖ እናፈርሳለን ተብሎ መመከሩን ስሰማ በቅሎዬን ጭኜ ወረድኩ።

ያረፍኩት እማሆይ ወለተ ማርያም ቤት ነው። ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸው ሲሞቱ የመነኮሱ ናቸው። ቁርሴን ቆሜ ስበላ አይተው «ስትበዪም ቆመሽ፣ ስትጠይቂም ቆመሽ። ስትሞቺም ቆመሽ ከሆነ እንግዲህ መቃብር ቆፋሪው አዘነ» አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ አልተቀመጥኩም።

ቅጽ ሠርቼ ነበር። ሦስት ዓምድ አለው፤ ቧንቧ፣ ኩሬ፣ ጠበል። ጠበልን የጨመርኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ የሚፈልቅ፣ የሚካኤል ጠበል የሚባል ምንጭ ስላለ ነው። ልጓም እንደያዝኩ ከደጅ ደጅ ዞርኩ። የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው እላለሁ። የመንግሥቱን ይላሉ፤ ቧንቧውን ማለታቸው ነው። ከኩሬውስ ስላቸው ይቆጣሉ፤ ከብት ነን እንዴ? ሌላስ?

«ሌላ የለም። የሚካኤልን ጠበል ቀምሰናል እንጂ።»

ምልክት አደረግሁ። የሚቀጥለውም ቤት የሚካኤልን ጠበል ቀምሷል። ምልክት። የልጅ ልጃቸውን የቀበሩት ወይዘሮ ዘነቡም እንባቸውን እየጠረጉ ይህንኑ አሉኝ። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ጠበል ቀምሷል። ወርጄ ጠበሉን አየሁት። ክፍት ነው፤ ፍየሎች ሲጠጡበት ደረስኩ። በቃ፣ አገኘሁት አልኩ። ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የደብሩ ቄስ መምሬ ካሳ የታመሙትን ስም እንድጠራላቸው ጠየቁኝ። ጠራሁ። እሷ ከፋሲካ ወዲህ ጠበል አልወረደችም፣ እሱ እግሩን ከታመመ ጀምሮ ከደጁ አልወጣም እያሉ አንድ በአንድ መለሱልኝ። ወረቀቴ ላይ ግን ምልክቱ አለ። ቄሱ ለደብራቸው እየተከላከሉ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ከወረዳው ሁለት ዘበኛ አስላክሁና ጠበሉን ዙሪያውን በእሾህ አሳጠርኩት። አንዲት ሴት ከኋላዬ «የታሰረውን መፍታት ሲገባት ያልታሰረውን አሰረችው» ስትል ሰማሁ። ዘወር ብዬም አላየኋት።

ልሄድ ስል እማሆይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ዝግባ ሚካኤል ወር በገባ በዐሥራ ሁለት የሚጠጣ ማኅበር አለ። ከአባል ወደ አባል ቤት ይዞራል፤ የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። የሰኔው ሊደርስ ነው፤ በሽታ ባለበት ሰው ይሰብሰብ ወይስ ይቅር አሉኝ።

«ማኅበርዎን ይጠጡ እማሆይ። ጠበሉ ጋ አይድረሱ እንጂ እሱ ምን አለበት» አልኳቸው።

በሽታው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ሪፖርት ጻፍኩ፤ አለቃዬ የምስጋና ደብዳቤ ላከልኝ። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በምስማር መታሁት።

ሰኔ ዐሥራ አምስት ቀን ከዝግባ ሚካኤል ሰው መጣ። መምሬ ካሳ ልከውት ነው። ተመለሰ አለኝ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ማን ታመመ ብዬ አይደለም፤ እሾሁን ማን አነሣው ብዬ ነው። እሾሁ እንዳለ ነው አለኝ።

ስደርስ እማሆይ መደብ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ጎድጉዷል። የእጃቸውን ቆዳ ቆንጥጬ ብለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ከየት ጠጥተው ነው አልኳቸው፣ በንዴት፣ እንደቆምኩ።

«ከየትም አልጠጣሁ። የሚካኤልን ጠበል ቀመስኩ እንጂ።»

«ጠበሉ ታጥሯል እኮ እማሆይ።»

«ምን ታጥሯል ትያለሽ? ሂጂ ቅመሽ ያልሽኝ ራስሽ። ያውልሽ የቀመስኩበት» አሉና በአገጫቸው ግድግዳውን አሳዩኝ።

ሽክና ተሰቅሏል። አወረድኩት። ጌሾ ጌሾ ሸተተኝ። ታቹ ላይ የደረቀ አተላ ነበረበት።

ያኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ይመኑ ትዝ ብለውኝ አይደለም፤ አተላውን በጥፍሬ ፍቄ ልይ ብዬ ነው።

ማኅበር ቤት የሚቀመሰው ጠላና ዳቦም ጠበል እንደሚባል አገር ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እናቴ ቤት «ጠበል ቅመሱልኝ» እየተባለ ጎረቤት ሲጠራ ነው ያደግሁት። ግን የመጣሁት ውሃ ፍለጋ ነበር፤ ቅጼ ላይ የጻፍኩት ውሃ ነው፤ የሰማሁትም ውሃ ነው። መምሬ ካሳ እውነታቸውን ነበር። መንደሩም እውነቱን ነበር። የታመመው ሁሉ ግንቦት ዐሥራ ሁለት ቀን ወይዘሮ ዘነቡ ቤት ማኅበር ጠጥቷል፤ አሁን ደግሞ በሰኔው።

እማሆይን ሰልፋ የሚባለውን ኪኒን አስዋጥኩ፤ ጨውና ስኳር የገባበት ቀጭን አጥሚት በማንኪያ የምታጠጣቸው ጎረቤት አስቀመጥኩና እንደገና ዞርኩ። በዚህኛው ዙር ወረቀት አልያዝኩም። እጄን ታጠብኩ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ የቀመሳችሁበትን አሳዩኝ አልኩ። ደህና የሆኑት ወንዶች ዋንጫ አመጡ። የታመሙት ሴቶች፣ አሮጊቶችና ልጆች የጠጡበት ሽክና መጣ። ብዙ ቀን ፈልቶ የበሰለው ወፍራሙ ጠላ ለወንዶቹ ይቀዳል፤ ለሴቶችና ለልጆች ግን የተረፈው ድፍድፍ ላይ በዕለቱ ጥሬ ውሃ እየተጨመረ ቅራሪ ይወጣል። እማሆይም ከቅራሪ በቀር አይቀምሱም ነበር። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅራሪው ላይ የሚጨመረው ውሃ።

ወይዘሮ ዘነቡ ደጃቸው ላይ ገብስ እያበጠሩ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለሚካኤል ማኅበር ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት አልኳቸው።

«ከነባሩ ነዋ» አሉኝ።

ቀና አላሉም። ለመልአኩ የታሰረ ውሃ አይቀርብም፣ አባቶቻችን ያቀረቡት ከነባሩ ነው፤ ቧንቧው ከመጣ ወዲህ ተመካክረን እንዲህ አደረግን አሉኝ። ያን ለምን በግንቦት አልነገሩኝም አልኳቸው። አሁን ሰፌዱን አስቀመጡት።

«የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው አልሽኝ፤ ከመንግሥቱ አልኩሽ። ለሚካኤል ከየት ትቀጃለሽ ብትዪኝ ከነባሩ እልሽ ነበር። ማን ጠየቀኝ? የልጅ ልጄን ቀብሬ ተቀምጬ፣ አንቺ በቅሎሽን ይዘሽ ቆመሽ። ማን ጠየቀኝ?»

 ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ነኝ እንግዲህ የገደልኩት?» አሉኝ። ውሃው ነው አልኳቸው። የግንቦቱ ውሃው ነው፤ የሰኔው ግን እኔ ነኝ አልኳቸው። አላጽናናኋቸውም፤ ማጽናናት አልችልበትም። ሰፌዳቸውን መልሰው አነሡ።

እማሆይ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዐረፉ። እስከ መጨረሻው አእምሯቸው አልሳተም። አጠገባቸው ተቀምጬ ሲያዩኝ «ተመስገን፣ ቂጧ መሬት ነካ» አሉ። 

ከቀብሩ መልስ ደጀ ሰላሙ ላይ የማኅበሩ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃቸው፣ አቶ ዓለሙ ናቸው። የሐምሌው ማኅበር ወር አልቀረውም፤ ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ የከብቱን እበት ሁሉ ወደ ነባሩ እያወረደ ነው። ከዚያ ውሃ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቀዳ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠበሉ ጋ ወረድኩና እሾሁን በእጄ አነሣሁ። ደሜን እየጠረግሁ ተመለስኩና ጠበሉን ያጠርኩት ያለ ጥፋቱ ነው፣ የሚያሳምመው የነባሩ ውሃ ነው አልኩ።

«ስማቸውን አንድ በአንድ መልሼልሽ ነበር» አሉ መምሬ ካሳ።

«አዎን አባቴ። ዋሹኝ ብዬ ነው።»

 መምሬ ካሳ እጄን አይተው ነጠላቸውን ቀደድ አድርገው ጣሉልኝ። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላሉኝም፤ ደምሽን ጥረጊ ብቻ አሉኝ።

አቶ ዓለሙ ግን አልተዋጠላቸውም። ለመልአኩ የታሰረ ውሃ አቅርቡ ነው የምትዪን አሉኝ። አዎን አልኩ። ማን ደፍሮ ነው የሚደግሰው? የሐምሌ ተረኛ እማሆይ ነበሩ፤ ጽዋው እንኳ እቤታቸው እንደተቀመጠ ነው።

«የእማሆይን ተራ እኔ እደግሳለሁ» አልኩ።

«ጠላ መጥመቅ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ባዘኑበት ቀን ሳቁብኝ። ከሳቁ ውስጥ ወይዘሮ ዘነቡ ተነሡና «እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ፈቃድ ጠይቄ እማሆይ ቤት ሰነበትኩ። ወይዘሮ ዘነቡ ጌሾ አስወቀጡኝ፣ ብቅል አስፈጩኝ፣ ጋን አሳጠቡኝና በወይራ አሳጠኑኝ። ውሃውን ከቧንቧው ተሸክሜ ያመጣሁ እኔው ነኝ፤ ሰዉ በየደጁ ቆሞ እያየኝ። ለቅራሪው የሚጨመረውን ደግሞ አፍልቼ ሳቀዘቅዝ ወይዘሮ ዘነቡ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው አዩና «እስቲ ቅመሽው፣ በስሎ እንደሆነ» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን ቤቱ ሞላ። ለማየት ነው የመጡት። መምሬ ካሳ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ማንም አላነሣም። እኔ ጠጣሁ፤ የእኔ መጠጣት ምንም አልለወጠም፤ የመጣሁበት ነውና። ወይዘሮ ዘነቡ የእማሆይን ሽክና ከግድግዳው አወረዱ፣ ቅራሪ አስሞሉ፣ ሳያቋርጡ ጨለጡት። ሽክናውን መዳፋቸው ላይ ገለበጡና ቤቱን ዞር ብለው አዩ።

«ቀጥኗል» አሉ። «ሐኪሟ ጌሾ ትሰስታለች።»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ አቶ ዓለሙ ዋንጫቸውን አነሡ፤ ሌላውም አነሣ። ሲጨረስ ጽዋውን አንድ ወጣት ገበሬ ተረከበ። አቶ ዓለሙ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ውሃ ከየት ትቀዳለህ አሉት። ከታሰረው አላቸው።

አራት ቀን ቤት ለቤት እየዞርኩ ተቀምጬ ጠየቅሁ። ማንም አልታመመም። ወይዘሮ ዘነቡ ሽክናውን ውሰጂው አሉኝ።

ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው ስሕተት ነው የሚል። አለቃዬ የመጀመሪያው ወደ በላይ አልፏል፣ ፋይሉ ተዘግቷል ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሜ ላክሁት፤ መልስ አልመጣም። የምስጋናውን ደብዳቤ ከግድግዳው ነቀልኩና በምስማሩ ላይ ሽክናውን ሰቀልኩ።

በዚያው ዓመት መካነ ኢየሱስ ሄጄ ለጋሽ ይመኑ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሳሙናው ግን ያው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እስክጨርስ ሰሙኝ። «እኔም አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ» አሉኝ። ማንን፣ የት፣ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም ያን ቀን አልጠየቅኋቸውም፤ ፊታቸውን አይቼ።

እንግዲህ አዲሷ ነርስ «ይኸስ?» ስትለኝ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩና ከዝርዝሩ ግርጌ «ሽክና፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ለምን ይሆናል አለችኝ። የተከራየኋት በቅሎ ደጅ ተጭናለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሷም እንደቆመች ነው።

«ቁጭ በይ» አልኳት። እኔም ተቀመጥኩ።